የጋሽ ደሳለኝ ጀርባ

ልጄ ቤዛ ሰሞኑን ደወለችና ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ማማረር ጀመረች። አዋሳ ታቦር አካባቢ ዳቦ ቤት ከከፈተች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ተቆጣጣሪዎች መጥተው የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑን ካልከደንሽ፣ ለሠራተኞችሽም የሥራ ልብስ ካላሟላሽ ቤቱን እናሽገዋለን ብለዋታል። "እማዬ፣ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ የተላኩ ናቸው እኮ!" አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ያውም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ያኔ አዋሳ መንገዱ ሁሉ የጋሪ ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ የፈረስ ፋንድያና የእሸት በቆሎ ሽታ ተቀላቅሎ አየሩን ይሞላዋል። ከከተማው ምሥራቅ በኩል አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። እሱ ታሞ አልጋ ሲይዝ የወፍጮው ነገር፣ የመድኃኒቱ ነገር፣ የታናናሾቼ ቀለብ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ምን ልሁን እያልኩ ሳስብ፣ ሳላስበው አሠሪ ሆንኩ።

የማሠራው ጋሽ ደሳለኝን ብቻ ነበር። አባቴ ወፍጮውን ሲተክል ጀምሮ አብረውት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም በልጅነቴ በጀርባቸው አዝለው አሳድገውኛል። እስቲ አሁን እኚህን ሰው ማን ደፍሮ ያዛል? "ጋሼ፣ ምን እናድርግ?" እላለሁ እንጂ "ይህን ያድርጉ" ብዬ አላውቅም።

ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የተዘረጋው ወፍራም የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እርቃኑን ነበር የሚሽከረከረው። ሲያፏጭ ጋሽ ደሳለኝ ሞተሩን ሳያጠፉ ጎንበስ ብለው ሳሙና ይቀቡታል። "ባጠፋሁት ቁጥር ወረፋው ይረዝማል" ይላሉ። ሴቶቹ ደግሞ ወፍጮው ሥር ካልቆሙ ሞተው ይገኛሉ። ጤፋቸው ከሰው ጤፍ እንዳይደባለቅ በዓይናቸው ማየት አለባቸው፤ የሚወርደውንም ዱቄት በጣታቸው አሽተው "ኧረ ይሻክራል፣ ጠበቅ አድርገው!" ካላሉ ያስፈጩ አይመስላቸውም። የነጠላቸው ጫፍ ቺንጋውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ማናችንም ልብ አላልነውም፤ ወፍጮ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነበራ።

አንድ ቀን ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንድ ቀጭን ሰው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየና ቺንጋው በብረት ወንፊት ይሸፈን፣ ደንበኛ ከአጥር ውጭ ይቁም፣ ሞተር ሳይጠፋ ሳሙና መቀባት ይቅር አለኝ። ደሜ ፈላ።

"ሴቶቹ ዱቄቱን ካልዳሰሱ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ይሄዳሉ! እኛ አፈር እንብላ?" አልኩት።

አልተቆጣም። ሳሙና ይዘው ወደ ጎነበሱት ጋሽ ደሳለኝ በአገጩ አመለከተኝ። "እኚህ ሰው አንድ ነገር ቢሆኑ ሕጉ የሚጠይቀው አንቺን ነው። ሕጉንስ ተዪው፤ ለልጆቻቸው ምን ትያቸዋለሽ?" ብሎኝ ሄደ።

ልጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ትንሿ ምሳ ስታመጣላቸው ጭኔ ላይ ነው የምትቀመጠው። በማግስቱ በያጅ ጠርቼ ወንፊቱንም አጥሩንም አሠራሁ። ጋሽ ደሳለኝ ዞር ዞር ብለው አዩትና "አስቱ፣ ወፍጮውን አሰርሽው እንዴ?" አሉኝ።

የሰፈሩ እድር ዳኛ ሚስት እትዬ ሙሉ ጤፋቸውን በጋሪ አስጭነው መጡና አጥሩን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሳቸው የሄዱበት ነው የሚሄደው። ጋሽ ደሳለኝ ዱቄቱን በሰፌድ ይዘው እስከ አጥሩ ቢያመጡላቸው "ይኼ የኔ ለመሆኑ ማን ያውቃል? ጤፌን ልትሸሽጉብኝ ነው!" ብለው ጆንያውን መልሰው አስጫኑና ማዶ ተሻገሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወፍጮ ቤቱ ጭር አለ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ "ምነው ወፍጮው ድምፁ ጠፋ?" አለኝ።

"ይነሳ በቃ፤ ሰውየው ሲመጣ እንመልሰዋለን" አሉኝ ጋሽ ደሳለኝ፤ ለኔው አዝነው። ላነሳው ክፉኛ ዳዳኝ። ግን ያቺ ትንሽ ልጅ ዓይኔ ላይ እየመጣች እምቢ አለችኝ። "አይነሳም ጋሼ" አልኩ። በሕይወቴ እሳቸውን ያዘዝኩት ያን ቀን ነው።

የመስቀል ሰሞን ማዶ ያለው ወፍጮ ወረፋው መንገድ ሲዘጋ፣ እትዬ ሙሉ እየተነጫነጩ ተመለሱ። አጥሩ ላይ ተደግፈው "ለበዓል ጉድ አደረግሽኝ፣ የሰው ዱቄት ልታበይኝ!" እያሉ ይወርዱብኛል። ጋሽ ደሳለኝ ለቺንጋው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰፌዱን ዘረጉላቸው። "ይኼው እትዬ፣ ይዳስሱት።"

ጧ! አለ አንድ ነገር። ቺንጋው ተበጥሶ ነው። ተወርውሮ ከጋሽ ደሳለኝ ኋላ ያለውን ወንፊት ሲመታው ቤቱ ተናወጠ። ዱቄቱ ቦነነና ምንም አልታይ አለ። "ጋሼ! ጋሼ!" እያልኩ ጮህኩ። ዱቄቱ ገለል ሲል ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ሆነው፣ ሰፌዱን እንደያዙ ቆመዋል። ሮጬ አዞርኳቸውና ጀርባቸውን መዳበስ ጀመርኩ። ዱቄት ብቻ ነው፤ ምንም የለም። ወንፊቱ ጀርባቸው በነበረበት ልክ ወደ ውጭ ጎብጧል። እዚያው ጀርባቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመስገን እያልኩ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

እትዬ ሙሉ ዓይናቸው ፈጦ ወንፊቱን ሲያዩ ቆዩና እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ዱቄቱን አሹ። "እሱስ ልሟል" አሉ። ጋሽ ደሳለኝ ሳቃቸው ያን ጊዜ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩን ሴት "ከአጥር ውጭ!" እያሉ የሚቆጡልኝ እትዬ ሙሉ ሆኑ፤ ማዶ የሄዱትም ተመለሱ።

ባለፈው እሑድ ቤዛን ይዤ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል። ግቢያቸው ውስጥ አቮካዶው ሥር ተቀምጠዋል፤ ያቺ ጭኔ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ልጃቸው አሳ ጠብሳ ታቀርባለች፤ የልጅ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ይራወጣሉ። ቤዛ ገና ከመቀመጧ የተቆጣጣሪዎቹን ወሬ ጀመረች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

"ጋሼ፣ እስቲ ጀርባዎን ያሳይዋት" አልኩ።

ግራ ገብቷቸው ሳቁ። "ጀርባዬ ምን አለው ብለሽ ነው? ምንም የለውም እኮ!"

"እሱን እንድታይልኝ ነው" አልኳቸው።