በእልፍኙ በር ላይ ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ ግን አልጠየቅንም። ከመንገዱ ጠመዝማዛ በላይ ስለነበር «ጠምዛዛው» አልነውና በዚያው ቀረ። ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው። ከሥሩ ወደ ወደቡ የሚወርደው የመኪና መንገድ ያልፋል። ኮረብታውን የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ልደታ ኮንዶሚኒየም ከምኖርባት ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ነው። የሕንፃችን ወጣቶች በስብሰባ ላይ ሰው ሲናገር ስለማቋርጥ «ጋሽ አቋራጭ» ይሉኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው። ስሜ ተሰማ ነው። ባለፈው ስለ ውኃ ታንከሩ ስንነጋገር ሊቀ መንበሯ፣ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ ተራዬን እንድጠብቅ በትሕትና ብትለምነኝ ተነጫንጬ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ተራ መጠበቅ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አንድ ቀን መናገሬ አይቀርም ነበርና ለእናንተ ለልጆቹ ልንገራችሁ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሻለቃችን ሰፈር ከጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ሲሆን፣ እኔ የመምሪያው የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠምዛዛው ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ነበረን። የነሱን ሬዲዮ የያዘው አሥር አለቃ ዘውዴ ነው። እሱ የጌጃ ሰፈር ልጅ፣ እኔ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር። በልጅነታችን በሰፈር ጠብ በድንጋይ ስንፈናከት አድገን፣ ጦር ሠራዊት ስንገባ ወንድማማች ሆንን። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ የእኔ እጅ ሥራ ነበረች። በሬዲዮ ሲጠራኝም «ፈንካቹ» ነበር የሚለኝ።

በዚያ ሰሞን አማፂዎቹ፣ ያኔ ወንበዴ ነበር የምንላቸው፣ የወደቡን መንገድ ቆረጡት። ነዳጅ የጫኑ ሁለት መኪኖች ከነሾፌሮቻቸው ተቃጠሉ። ቡና የጫኑት ከተማ ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። መንገዱ እንዴት ይጠበቅ የሚለውን ለመቁረጥ ሹማምንቱ በእንደራሴው እልፍኝ ተሰበሰቡ። ከአዲስ አበባ የመጡት የንግድ ሹም መኪኖቹ ዛሬውኑ ይውጡ አሉ። እንደራሴው በየኮረብታው የተበተነው ጦር ወርዶ መኪኖቹን ያጅብ ባይ ናቸው። የሻለቃችን አዛዥ ኮሎኔሉ ደግሞ ኮረብታውን ከለቀቅን መንገዱንም እንርሳው አሉ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከበሩ ውጭ ቆሜ ስለሰማሁ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ የዘውዴ ድምፅ መጣ። «ፈንካቹ፣ በምሥራቅ በኩል ሰው እየወጣብን ነው። ሁለት መቶ ይሆናል። መትረየሳችን አንድ ነው። አንድ ሻምበል ጦር ቶሎ ላኩልን።» ቃሉን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሬዲዮውን ለባልደረባዬ ለታፈሰ ትቼ ሮጥኩ። ያለ ኮሎኔሉ ትእዛዝ አንድ ሰው ከሰፈር አይንቀሳቀስም። ኮሎኔሉ ደግሞ እልፍኝ ውስጥ ናቸው።

በሩ ላይ እልፍኝ አስከልካዩ ቆመዋል። ኩታቸውን ያጣፉ፣ ጢማቸውን ያስተካከሉ፣ ክፋት የሌለባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀቱን ላቀብላቸው ብል እጃቸውን አልዘረጉም።

«ልጄ፣ ክቡር እንደራሴው እየተናገሩ ነው። ተናግረው ሳይጨርሱ ይህ በር አይከፈትም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጦር እየተዋጋ ነው አልኳቸው። እነሱም የሚመክሩት ስለዚያው ስለ ጦሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ተንኮል አልነበረበትም። ሥርዓት ነበር፤ እኔም በዚያው ሥርዓት ተቀጥቼ ያደግሁ ነኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

እንደራሴው ንግግር ያውቃሉ። ከአባታቸው ዘመን የቅፍለት ጉዞ ጀመሩ። ነጋዴው በግመልና በበቅሎ እንዴት ይወርድ እንደነበር፣ የትኛው ባላባት የትኛውን ኬላ ይጠብቅ እንደነበር አንድ በአንድ አወሩ። ኮሎኔሉ አንድ ጊዜ የጠምዛዛውን ነገር ሊያነሡ ሞከሩና መልሰው ዝም አሉ። ከንግድ ሹሙ በኩል ሳል ብቻ ይሰማል። እኔ ወለሉን እያየሁ ቆሜያለሁ። ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ይመጣል፤ እልፍኝ አስከልካዩም ይሰማሉ፤ ዓይን ለዓይን ግን አንተያይም። አንድ ጊዜ ግራ እግሬን ወደ በሩ አንሥቼ ነበር። መልሼ አሳረፍኩት።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ታፈሰ እያለከለከ መጣ። የት እንደሄድኩ ለዘውዴ ነግሮት ኖሮ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ መልሱን እንዳለ ነገረኝ። «ፈንካቹ በር ላይ ቆሞ ነው? በሩን ይክፈተው በለው።»

አልከፈትኩም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥይት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን በትልቅ ሰው ንግግር መካከል በር መክፈት ከጥይት ይልቅ አስፈራኝ። ታፈሰም በሩ እንዳልተከፈተ ለዘውዴ ሊነግር ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እንደራሴው ነገሩን አውጥተው አውርደው በመጨረሻ የኮሎኔሉን ሐሳብ ተቀብለዋል። ኮረብታው ባለበት እንዲጠበቅ ተወስኗል። ኮሎኔሉ ፊታቸው በርቶ ወጡ። ወረቀቱን አነበቡ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሮጡ፤ ተከትዬ ሮጥኩ።

በአምስት መኪና ወጣን። ማንም ሳያዘኝ ሬዲዮ በጀርባዬ አዝዬ ሁለተኛው መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ። የዘውዴ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ጠመዝማዛው መግቢያ ስንደርስ የፊተኛው መኪና ፈንጂ ረገጠ። ጎማው ከራሳችን በላይ ሲያልፍ አየሁት። ከሁለቱም ወገን ተኩስ ተከፈተብን። ሾፌራችን መሪውን እንደያዘ ሞተ። ዘለን ቦዩ ውስጥ ገባን። ከጎኔ የተኛው ወታደር «ጫማዬ ውኃ ገባበት» አለኝ። ደም ነበር። ጭኑን በቀበቶዬ አሰርኩለትና ትቼው ሄድኩ።

የሻምበሉ አዛዥ «እዚህ ከተኛን አለቅን። ወደ ላይ» አሉና ቀድመው ተነሡ። ወጣን። አዛዡ ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ጉሮሯቸውን ተመትተው ወደቁ። እኛ ግን መቆም አልቻልንም። ከላይ የሚያጭደን መትረየስ የራሳችን ነበር፤ ከጓደኞቻችን እጅ ማርከውታል። ከፊቴ የነበሩ ሦስት ሰዎች በአንድ ረድፍ ወደቁ። በላያቸው ተሻገርን። ቦምብ ወረወርን፤ ተወረወረብን። አንዱ ጓዳችን የተወረወረውን አንሥቶ ሊመልስ ሲል እጁ ላይ ፈነዳ። አቧራው ሲገለጥ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር።

ምሽጉ ጫፍ ስንደርስ ጥይት ለማጉረስ ጊዜ አልነበረም። በሳንጃ ገባን። አንድ ሰው ከድንጋይ ኋላ ብድግ አለብኝ። የእኔ እኩያ ነው። ወጋሁት። ሳንጃው ከደረቱ አልወጣ ስላለኝ በእግሬ ረግጬ ነቀልኩት። እስኪወጣ ድረስ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ይህን ለሟቿ ሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ። የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ውኃ ነበር የምንፈልገው።

ዘውዴን የሬዲዮው ጉድጓድ ውስጥ አገኘሁት። ፊቱ ከዓይኑ በታች የለም። በግንባሩ ጠባሳ ለየሁት። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነበር፤ መዝገቡ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። እንደ ደንቡ እያንዳንዱን መልእክት ከነሰዓቱ ጽፏል። የመጨረሻው መስመር «አራት ከሃያ፤ በሩ ገና አልተከፈተም» ይላል።

ከመምሪያው እስከ ጠምዛዛው በመኪና ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ከፍቼ ቢሆን ዘውዴ ያቺን መስመር ሲጽፍ ከሥሩ ደርሰን ነበር። ፈንጂው ያኔም ይጠብቀን ነበር ይሆናል፤ አላውቅም። ይህን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት ግን አልነግራችሁም።

ከሠላሳ አንዱ አራቱን ቆስለው አገኘናቸው፤ ሃያ ሰባቱ ሞተዋል። ልንደርስላቸው ከወጣነው አሥራ ዘጠኝ ሞቱ። አርባ ስድስት ሰው ማለት ነው። ከአማፂዎቹ ሠላሳ ስምንት ሬሳ ቆጠርን። ያኔ በደስታ ነበር የቆጠርናቸው፤ ዛሬ ከእኛዎቹ ጋር ደምሬ ነው የማስባቸው። ከሦስት ቀን በኋላ የቡናዎቹ መኪኖች በጠምዛዛው ሥር ክላክስ እየነፉ ወደ ወደቡ ወረዱ።

የዘውዴ ታላቅ እህት እትዬ ዓለሚቱ ዛሬም ጌጃ ሰፈር አሉ። መርዶውን ያረዳሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያዋ ጥይት ሞተ፤ አልተሠቃየም አልኳቸው። ይህን ውሸት ከሃምሳ ዓመት በላይ አኖርኩት። በየበዓሉ እየሄድኩ እየጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም እንደ ወንድማቸው እያዩኝ።

ከስብሰባው ተነጫንጬ በወጣሁ ማግስት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሬዲዮውን፣ እልፍኝ አስከልካዩን፣ «በሩን ይክፈተው» ያለውን። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። አላለቀሱም።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» አሉኝ።

«አልተቆለፈም፣ እትዬ። መቀርቀሪያም አልነበረው።»

ከዚያ ዝም አሉ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ወጣች። ልለምናቸው፣ ልምልላቸው፣ አንድ ነገር ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ አቋራጩ፣ ያን ቀን አላቋረጥኳቸውም።