ለታደለ መንፊያ ስንመርጥ

ባለፈው ሳምንት ከቴፒ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በቤተክርስቲያናቸው የናስ ባንድ ውስጥ ቱባ፣ ያን ጭን ላይ የሚታቀፈውን ትልቅ የናስ ጡሩምባ፣ ትነፋለች፤ ኢ ፍላት የሚሉትን፣ ከትልቁ ባስ አነስ የሚለውን። መንፊያው፣ ማለቴ ከንፈር የሚያርፍበት ኩባያ መሳይ ብረት፣ ወድቆ ተጣሞባታል። የሌሎች መንፊያዎችን ፎቶ ላከችልኝና "ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?" አለችኝ። እኔ፣ በወሬ የማልታማው ሰውዬ፣ አስቤ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ወጣት ሳለሁ ሚዛን በቤተክርስቲያናችን ባንድ የነበረችንን ቱባ የሚነፋት ታላቅ ወንድሜ ታደለ ነበር። እሱ ሲነፋ የተቀመጥንበት አግዳሚ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል። እናታችን ከቤንችኛ ሌላ ብዙም አትሰማም፤ መዝሙሩን የምትከተለው በእሱ ድምፅ ነበር። ከቤተክርስቲያን ስንመለስ የምታወራው ስለ ስብከቱ አይደለም፣ ስለ ታደለ ነው።

አንድ ዓመት፣ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ላይ ሳለን፣ ታደለ ከማሳ ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ በየመሃሉ መቀመጥ ጀመረ። ጎደሬ ሲቀርብለት አንድ ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን ይገፋዋል። ምግብ የሚገፋ ሰው አልነበረም። አማን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱን ብዙ ጊዜ ካዳመጠ በኋላ የልቡ በር በደንብ እንደማይዘጋ ነገረን። ኪኒን ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ያለው ውጭ አገር ነው። ስንመለስ ዝናቡ መንገዱን አጭቅይቶት ነበር። ታደለ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ።

"ለእማዬ እንዳትነግር። ለባንዱም።"

አልነገርኩም። ባንዱ ግን ጆሮ አለው። ታደለ ረጅሙን ድምፅ መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ሰው መቼም ሰበብ አያጣም፤ ጥፋቱን መንፊያው ላይ ጣሉት። "ለፈረንጅ ደረት የተሠራ ነው፣ ከመጠን በላይ ይሰፋል" አለ ከበሮ መቺያችን፣ ሁሉም ተስማማ። አንዱ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ጠርዙን ጠቀለለው። ሌላው በፈላ ውሃ ቀቀለው። አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ በመንፊያው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ታደለ አጠገባቸው ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሜን ይላል። እስቲ ይሄ ምን ይባላል? በሽተኛው እዚያው ቆሞ፣ ጸሎቱ ለብረቱ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ፣ ሐኪሙን በጆሮዬ የሰማሁት ሰውዬ፣ ማን ያውቃል መንፊያው ቢሆንስ እል ነበር።

በመጨረሻ የባንዱ መሪዎች ታደለ ለፋሲካ የሚስማማው መንፊያ ካላገኘ ቱባዋን ለሌላ ሰው ያስረክብ አሉ። ለእሱ ቱባዋን መልቀቅ መሞቱን መቀበል ነበር። ስለዚህ አማን፣ አሰልጣኛችን ጋሽ በየነ ቤት ሄድን።

ጋሽ በየነ የድሮው ጦር ሙዚቀኛ ነበሩ፤ የጎንደር ሰው፣ ኦርቶዶክስ። እኛ ጴንጤዎቹ ስንጸልይ ደጅ ወጥተው ይቆማሉ፣ ስንጨርስ ገብተው ያሠለጥኑናል። ጦሩ ሲበተን ሌላው ጠመንጃውን ይዞ ሲሄድ፣ እሳቸው የባንዱን መንፊያዎች በካልሲ ቋጥረው ነው የወጡት። ያን ካልሲ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልን።

"መንፊያ በዓይን አይመረጥም" አሉ። "ጥልቁ ድምፅ ያወፍራል፣ ትንፋሽ ግን ይበላል። ጠባቡ ይቀላል፣ ድምፁ ግን ይሳሳል።"

ታደለ ጥልቁን ሞከረ፣ ጀምሮ አቋረጠው። ጠበብ ያለውን ሰጡት፤ ከንፈሩ ጠቆረ። "እረፍ የኔ ልጅ፣ ማን ያባርርሃል" አሉት። መጨረሻ ላይ ከሁሉ ትንሹን፣ የትሮምቦን የነበረውን፣ ሥሩን በፕላስተር አወፍረው ገጠሙለት። እንደ ጥጃ ያለ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ታደለ ፈገግ አለ። ሊደግመው ሲል ሳል ያዘውና ቱባዋን ጉልበቱ ላይ አስተኛት። ጋሽ በየነ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ያኔ የገባቸው ይመስለኛል።

ሳሉ ሲለቀው ታደለ የድሮውን መንፊያ፣ ያን የተጸለየለትን፣ መልሶ ገጠመና ቱባዋን ለእኔ አቀበለኝ።

"እስቲ አንተ ሞክረው። ብልሹ ከሆነ እምቢ ይልሃል።"

ከባንዱ የማልጠፋው ቱባዋን ለመሸከም ነው እንጂ በሕይወቴ ነፍቼ አላውቅም። አልፈለግኩም፣ ግን እያየኝ ነው። ነፋሁ። ሙሉ፣ ወፍራም ድምፅ ወጣ። የመስኮቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ጓሮ ሙዙ ሥር የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ማቆም ነበረብኝ፤ ደንግጬ ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁ። ቀና ስል ታደለ ግድግዳውን ያያል። ጋሽ በየነ መንፊያዎቹን ወደ ካልሲው መመለስ ጀምረዋል።

"መንፊያው ደህና ነው እንግዲህ" አለ ታደለ።

ወደ እኔ ዞረ። "ከንፈርህን አታጥብቅ። ይኼ ይስማማሃል፣ ሌላ አትፈልግ።"

ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣም። ለፋሲካም አልደረሰም። በቀብሩ ላይ ቱባዋን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ በሰው ተደግፋ ከኋላዬ ትሄድ ነበር፣ መዝሙሩን ግን አልተከተለችም።

ዛሬም እነፋለሁ። ከአማንም ከሸዋ ቤንችም ለቀብር ይጠሩኛል። "ሳትማረው የመጣልህ ተሰጥኦ ነው፣ እግዚአብሔርን አመስግን" ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ያን ቀን ቱባዋ እኔንም እምቢ ብትለኝ ታደለ አይድንም ነበር፣ ይህን አላጣሁትም። ግን የቀሩትን ሳምንታት ብረቱን እየረገመ፣ የተሻለ መንፊያ እያፈላለገ ይኖር ነበር። የቀረችው ተስፋ እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩበት።