ጥርሷን ማን ሞላው?

የሰፈራችን የሴቶች ቡድን በረኛ የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም። ትውልድ አገሯ ካምባ ሳለች ከወንድሞቿ ጋር ኳስ ስትጫወት ድንጋይ ላይ ወድቃ ነው የሰበረችው። ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለ፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው። አርባ ምንጭ የመጣችው አክስቷ ዘንድ ነው፤ ቀን ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር መኪና ላይ ሙዝ ስትጭን ትውላለች። ከሥራ መልስ መለያዋን ለብሳ ጎል ላይ ስትቆም ግን ሜዳው የአባቷ ርስት ይመስላል።

መጀመሪያ የሰማኋት ድምፅዋን ነው። ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ የምዞርበት ጊዜ ነበር። አንድ ከሰዓት የክፍት ቦታ ማስታወቂያ አይቼ ስመለስ ፀሐዩ ቢብስብኝ ሜዳው ዳር ካለው ሽፈራው ዛፍ ሥር አረፍ አልኩ። በረኛዋ ተከላካዮቹን በጋሞኛ ትቆጣለች፤ አልሰማ ሲሏት ደግሞ በአማርኛ ትደግመዋለች። ኳስ መጣ። በዚያ ጠጠር በሞላው ሜዳ በደረቷ ተወርውራ ያዘችው፤ ተነሳች፣ አፏ የገባውን አቧራ ተፋች፣ ሳቀች። ያንን ሳቅ ቤት እንደገባሁ ስልኬ ላይ በጣቴ ሣልኩት።

ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ትምህርት ላይ መላእክት የምሥለው እኔ ነበርኩ፤ ሁሉም ነጮች ነበሩ፤ መጽሐፉ ላይ ያሉት እንደዚያ ስለሆኑ ሌላ ዓይነት መልአክ ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ። የሰፈሬን ሰው የሚመስል ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሣልኩት በረኛዋን ስሥል ነው። ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እነዚህን ልጆች እንዳሉ መሣል። ከነላባቸው፣ ከነተላጠ ጉልበታቸው።

የቡድኑ ደጋፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ለሥራ ሐዋሳና አዲስ አበባ የሄዱም አሉበት። ሜዳውን ካዩት ዓመታት ያለፏቸው ሰዎች ስለ አንዲት የማዕዘን ምት ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። ከየጨዋታው በኋላ ሥዕል መለጠፍ ጀመርኩ። በረኛዋን፣ ከኦቾሎ መንደር፣ ከሸማኔ ቤተሰብ የወጣችውን የግራ ተከላካይ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን የሚበሉትን ሳይቀር ሣልኩ። «ቁርጥ እሷን!» ይሉኛል። ካረፈድኩ «ሠዓሊዋ፣ የዛሬው የታለ?» ይመጣል። ሥራ ላጣ ሰው እንዲህ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የሰፈሮች ውድድር ለፍጻሜ ሲደርስ የግሩፑ ኃላፊ፣ ሲቀላ ሰፈር ፎቶና ኅትመት ቤት ያለው ሰው ነው፣ ደወለልኝ።

«ያንን የበረኛዋን ሥዕል በትልቁ አትመን የሜዳው በር ላይ ልንሰቅለው ነው። ላኪልኝ።»

በደስታ ላክሁለት። «ይሄ ስልክ መዳበስም ሥራ ሆኖ?» እያለች ስትቆጣኝ ለኖረችው እናቴ ሳይቀር ነገርኳት። «እስቲ እግዚአብሔር ይርዳሽ» አለችኝ፤ ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

የፍጻሜው ዕለት ቀደም ብዬ ሄድኩ። ባነሩ በሩ ላይ ተዘርግቷል። ጓንቶቹ የኔ ናቸው፤ የእጆቿም አዘረጋግ የኔ ነው። ፊቱ ግን ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ ጠባሳው ጠፍቷል፣ ትከሻዋ ጠቧል። አጭር ሹሩባዋ ተፈትቶ ረጅም ዞማ ፀጉር ሆኗል። ከንፈሯ ተቀብቷል። ጥርሷ ሙሉ ነው፤ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። ሁሉን የቀያየሩ እጆች ታች ጥግ ላይ ያለችውን ፊርማዬን ግን አልነኳትም!

በረኛዋ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። ቀና ብላ አየች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ!» አላት አንዱ ደጋፊ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዞር ብላ እኔን ፈለገችኝ፤ ከየጨዋታው በኋላ እንደምሥላቸው ታውቃለች።

«አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«እኔ ነኝ፤ ግን እንዲህ አድርጌ አይደለም...»

«እኔ እንደዚህ ብሆን ይሻልሽ ነበር?»

መልሴን ሳትጠብቅ ገባች። ደሜ ፈላ። ኃላፊውን የባነሩን ገመድ ሲያጠብቅ አገኘሁት።

«ምን አድርገሃት ነው?»

«አሳመርናት እንጂ ምን አደረግናት?»

«ማን አስቀያሚ ናት አለህና ነው የምታሳምራት?»

«ተይ እንጂ፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ስፖንሰር ይመጣል። በዚያ ጥርስ ባነር ይሠራል?»

«ያ ጥርስ ያላት ልጅ አይደለችም እንዴ ለፍጻሜ ያበቃችህ?»

አጠገቡ የሰፈራችን የወንዶች ቡድን አምበል ባነር ተሰቅሏል። አፍንጫው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ተጣሞ የቀረ ነው፤ ባነሩም ላይ እንደተጣመመ ነው።

«የእሱን አፍንጫስ ለምን አላቃናህለትም?»

ኃላፊው ከልቡ ሳቀ። «እሱማ ወንድ ነዋ!»

ጨዋታውን በቅጡ አላየሁትም። ልጆቹ ተሸነፉ፤ ሁለተኛ ወጡ። ሜዳሊያ ካጠለቁ በኋላ ባነሩ ሥር ፎቶ እንዲነሱ ተጠሩ። በረኛዋ ቦርሳዋን አነሳች።

«ከሷ ጋር አልነሳም። ሌላ ጊዜ ኳሱን እሷ ትያዝላችሁ።»

የኦቾሎዋ ተከላካይና ሌሎች ጥቂት ልጆች ተከትለዋት ሄዱ። የቀሩት ግራ እየተጋቡ ፎቶውን ተነሱ፤ አልፈርድባቸውም።

ቤት ገብቼ የኔን ሥዕልና የባነሩን ጎን ለጎን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «ይህቺን ልጅ ማን ፈቅዶላችሁ ቀየራችኋት?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሦስት ሰው ደገፈኝ። የቀረው ግን የሳቅ ስቲከር ነበር። «ታዋቂ ስትሆኚ ጠገብሽ» አለኝ አንዱ። ሐዋሳ ያለው ደግሞ «እውነቱን ለመናገር የታተመችው ታምራለች» ብሎ ጻፈና ልብ በልብ አደረጉት። እነዚያው ናቸው እኮ «ቁርጥ እሷን!» ሲሉኝ የከረሙት! ያኔስ የሚስቁት ከእኔ ጋር ነበር ወይስ በእሷ ላይ? ይህንን ልጠይቅ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጡኝ።

በማግስቱ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። በረኛዋ መኪና ላይ ወጥታ ሙዝ ትደረድራለች። ልትወርድልኝ አልፈለገችም ነበር፤ «አንድ ነገር ብቻ እይልኝ» ስላት ወረደች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኬን ተቀበለች። ዋናውን ሥዕል ብዙ አየችው።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «ጥርሴንም አስገብተሻል።»

ሳቀች። ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ሸፈነች። ያቺ አቧራ ተፍታ ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት የምትስቅ ልጅ፣ ማንም ፊት አፏን ሸፍና አይቻት አላውቅም። ሽንፈቱን ትረሳዋለች፤ ባነሩንም ዝናብ ይበላዋል። ያንን እጅ አፏ ላይ ያስቀመጡት ግን እነሱ ናቸው፤ ይህንን ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

«ላኪልኝ፤ ካምባ ለእናቴ እልካለሁ» አለችኝ። ላክሁላት።

ከዚያ የራሴን ቻናል ከፈትኩ። ጥቂት ሰው ነው ያለው፤ ራሳቸው ተጫዋቾቹ፣ እህቶቻቸው፣ አንድ አሠልጣኝ። ማንም «አሳምሪኝ» አይለኝም። የኦቾሎዋ ልጅ እንዲያውም «ጉልበቴ ያበጠ ዕለት የሣልሽኝ ይበልጣል» ትለኛለች። ሥራም አገኘሁ፤ አንድ የዕቃ መደብር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ለምሳ ስንዘጋ እሥላለሁ።

በቀደም የግሩፑ ኃላፊ ጻፈልኝ። አዲስ ውድድር አለ፣ ሥዕሉን ካልነካንብሽ ትሰጪናለሽ ወይ ይላል። «መጀመሪያ ልጅቷን ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት» ብዬ መለስኩ። አነበበው። እሷ ዘንድ ግን እስካሁን አልሄደም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ላይ ስሄድ ባነሩ በተሰቀለበት በር አልገባም፤ ጋሪዎች በሚሄዱበት መንገድ ዞሬ፣ በሜዳው ጀርባ በኩል ነው የምገባው።