ዶሮ የተባለችው ዳክዬ

ከከሚሴ ግርጌ ያለው የጨፋ ውሃ ክረምት ሲወጣ ተንጣልሎ ሐይቅ ይሆናል። ሳቢሳው፣ አባ ኮዳው፣ ዳክዬው፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቀው ወፍ ሁሉ ይሰፍርበታል። እስላሙም ክርስቲያኑም ዝም ብሎ ያያቸዋል እንጂ የሚነካቸው አልነበረም። ባለቤቴ እስኪነካቸው ድረስ ማለቴ ነው።

ባለቤቴ የወረዳ ጸሐፊ ነበር፤ ምክትል ገዥ ለመሆን ሲቋምጥ የኖረ ሰው። ሹመቱን የሚሰጡት ሹም ከደሴ መጥተው እኛ ቤት ምሳ እንደሚበሉ ሲሰማ መሬት አልበቃው አለ። በዚያ ሰሞን ግን ፈንግል የከተማውን ዶሮ ፈጅቶታል። እኔ ከሰንበቴ ገበያ በግ ይምጣ ብዬ ብነግረው፣ ሹም ያለ ዶሮ ወጥ አይከበርም ብሎ ድርቅ አለ። ብልጡ ሰውዬ ጠመንጃውን አንግቶ ወረደና ዳክዬ ገድሎ መጣ።

ክርስቲያን ዳክዬ አይበላም ብዬ ለመንኩት። በርበሬ ከገባበት ማን ያውቀዋል አለኝ። ላባዋን ስነጭ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ብቅ አለችና፣ በቢስሚላህ ታርዳ ቢሆን እኛ ቤት ትበላ ነበር፣ በጥይት የሞተች ግን ጥንብ ናት ብላ በኦሮምኛ እያጉረመረመች ሄደች። በሁለቱም ሃይማኖት የማትበላ ወፍ ለአንድ ሰው ሹመት ስል ደሜ እየፈላ ቀቀልኩ።

ሹሙ ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ። ባለቤቴ እጁን እያሻሸ፣ የቤት ዶሮ ናት፣ እህል ብቻ ነው የበላችው ይላል። እሱ ራሱ ግን አይቡን ብቻ እየጠቀሰ ወጡን ይሸሻል። ጨዋ ክርስቲያን እኮ ነው! የእንግዳው አፍ ይርከስ፣ የሱ ብቻ ይንጻ።

ሹሙ ይህን አዩ። ትልቅ ብልት አንስተው በእንጀራ ጠቀለሉና ወደ አፉ ዘረጉለት። የሹም ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ አሰብ ሳሉ ዳክዬ በልተው እንደሚያውቁ ነገሩን፤ ገና ሲቀምሱት ለይተውታል። እኔን እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ወደሱ ዞረው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣

«እኔስ መብላቴ ግድ የለኝም። አንተ ግን የምትጸየፈውን ለእንግዳህ ታቀርባለህ። ይህን ሁሉ ድሃ በአንተ እጅ አልጥልም» አሉት።

መኪናቸው ሳይርቅ ጓሮ ወጥቶ ሲያስመልስ ሰማሁት። ውሃ አምጪልኝ አለ። አላመጣሁለትም።