ለእህቴ ያወጣሁት ሙሾ

ለእህቴ ያወጣሁትን ሙሾ ከለቅሶ ቤት አውጥተው ለማያውቃት ሰው ሁሉ በተኑት። በደሉ ይህ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም በራሴ እጅ የምጽፈው እንደዋዛ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እህቴ አልወለደችም። አንድ ልጅ ግን አሳድጋለች፤ በአራስነቱ እናቱ ሞታበት የወሰደችው ነው። ይህን የምናውቅ እኔ፣ ወንድማችንና ጥቂት የሰፈራችን አሮጊቶች ብቻ ነበርን። ልጁ እናቴ እያላት አድጎ አገባ፤ ሁለት ሴት ልጆችም ወለደ። እነሱም አያታችን ብለው ቀበሯት።

በቀብሯ ማግስት ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ እኛ አሮጊቶቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነበር። የሚያውቁት ብቻ መቅረታቸውን አየሁና ደረቴን እየመታሁ እንዲህ አልኳት፦

ማህፀንሽ ሳይወልድ ጀርባሽ ያዘለ፣
እንዳንቺ ያለች እናት ማን አየሁ ያለ።

እኛ ባደግንበት አልቃሽ ያለችውን ከለቅሶ ቤት ወጥቶ የሚያነሳ ነውረኛ ነው። ሙሾ ላይ ስንቱ ይወራል፤ የባል ዱላ፣ የምራት ክፋት፣ የተካደ ልጅ። እንባው ሲታበስ እዚያው ይቀራል። ልጄ በሩ ጥግ ቆማ በስልኳ ስትቀርጸኝ አላየኋትም።

ከወራት በኋላ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመች ወጣት ስልኳን ስትነካካ የራሴ ድምፅ ወጣ። ግፊቴ ተነስቶ ጆሮዬ የጮኸ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ምስሉ የእኔ አይደለም፤ የማላውቃት ሴት ኬክ ትቆርሳለች። ከየት አመጣሽው አልኳት።

«ኢንተርኔት ላይ ነው እማማ። ሰው ሁሉ የእናቱን ፎቶ ሲለጥፍ ይሄን ነው የሚያስገባበት። አያሳዝንም?»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ሳቀች።

«አሁንማ የሁላችንም ሆኗል።»

ቤት ገብቼ ልጄን ያዝኳት። ጅማ ያለው ወንድሜ እግሩን ታሞ መቅበር ስላልቻለ፣ ለቅሶውን እንኳ አሳዪኝ ብሎ ለምኗት ለእሱ ብቻ ነው የላከችው። ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ብቻዬን አልቅሼ ሲከብደኝ ለዘመዶቻችን በቤተሰብ ግሩፕ ላክሁት አለኝ። ከግሩፑ ያወጣችው ደግሞ ዊንጌት የምትኖር የዘመድ ልጅ ናት። እዚያም ሄድኩ።

«እትዬ፣ ክፉ ነገር እኮ አልጻፍኩበትም» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ነው ያለው።»

እንድታጠፋው ጠየቅኳት፤ ዓይኔ እያየ አጠፋችው። ከዚያ ስልኩን አዙራ አሳየችኝ። ድምፄ በሌሎች ሰዎች ምስል ላይ ተደርድሯል። አንዱ ሠርግ ነው፤ አንዱ ልጆቿን የምታጠባ ድመት ነች። እነዚህንስ ስላት የእሷ እንዳልሆኑ፣ ባለቤቶቹንም እንደማታውቅ ነገረችኝ። ልጄ ምስሎቹ ለሚለጠፉበት ኩባንያ አቤቱታ ጻፈችልኝ፤ መልስ የሰጠን የለም።

ማንን ልክሰስ? ልጄ ለአጎቷ አዘነች፣ ወንድሜ ለዘመድ አዘነ፣ ያቺም ወደደችው እንጂ አልዘበተችበትም። በደል አለ፤ በዳይ ግን አጣሁ። ለፍርድ ከተቀመጥኩ ደግሞ መጀመሪያ ከአፉ ያወጣው ሰው እኔ ነኝ፤ ራሴን ብቻ ነጻ ላደርግ አልችልም።

የእህቴ ልጅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ ሳይመጣ አይውልም ነበር። ሦስት እሑድ ቀረ። ስደውልለት ሥራ ነው ይለኛል። በአራተኛው እኔው ወደ ቤቱ ወጣሁ። ልጆቹን ውጭ ተጫወቱ ብሎ በሩን ዘጋ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ለእኔስ እናቴ ከመሞቷ በፊት ራሷ ነግራኛለች» አለኝ። «ለልጆቼ ግን ከፍ ሲሉ በራሴ አፍ ልነግራቸው ነበር። ትልቋ ትምህርት ቤት በጓደኛዋ ስልክ ላይ ድምፅዎን ሰምታ ለይታው መጣች። አያቴ አልወለደችህም እንዴ አለችኝ።»

ምን አልካት አልኩት።

«ድምፁ የእርስዎ አይደለም አልኳት። አክስቴ፣ ከጠየቀችዎት እርስዎም የእኔ አይደለም ይበሉልኝ።»