የአሥራ ሰባት ቁጥር ክፍል ድንበር

እትዬ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪ ከመሆናቸው በፊት ሃያ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምረዋል። ሁለቱ ሥራዎች ምን ይለያቸዋል ብሎ ለጠየቃቸው፣ «የዩኒቨርሲቲዎቹ ሲነካከሱ በጽሑፍ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ጽሑፍ ግማሹ የሚመጣው ከአሥራ ሰባት ቁጥር ነው። እዚያ ሦስት ተማሪዎች ይኖራሉ። አንደኛዋ ሕግ ታጠናለች፤ በገባች በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አንቀጽ ያለው የክፍል ደንብ አውጥታ በሩ ላይ ስለለጠፈች «አንቀጽ» ተብላ ቀረች። ሁለተኛዋን «ደወል» ይሏታል። ስልኳ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ይጮሃል፤ ሕንፃው በሙሉ ይነቃል፣ እሷ ብቻ አትነቃም። ሦስተኛዋ «አውሺኝ» ናት። ሳሙና አውሺኝ፣ ካልሲ አውሺኝ ስትል ትውላለች፤ የወሰደችውን ስትመልስ ያየ ግን የለም። አንድ ቀን የአንቀጽን የጥርስ ብሩሽ ሳታስፈቅድ አንስታ ጫማዋን አጠበችበት። አንቀጽ ያወቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ጥርሷን ቦርሻበታለች።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንቀጽ ነጭ ፕላስተር አምጥታ ወለሉን ለሦስት ከፈለችው። አላዳላችም፤ በሴንቲሜትር ለክታለች። ብቻ በሩ በደወል ድርሻ፣ መስኮቱ በአውሺኝ ድርሻ ወደቀ። ለራሷ የመብራት ማጥፊያው ደረሳት፤ እሱም ትልቅ ሥልጣን መስሎ ታያት።

እትዬ ፕላስተሩን እንዳዩ ሊያስነሱ ነበር። የማደሪያዎቹ ኃላፊ ግን፣ «በጽሑፍ አቤቱታ ካልቀረበ እጃችንን አናስገባም» አሏቸው። ስለ ፕላስተሩ ደግሞ የጻፈ የለም፤ ሦስቱም በድንበራቸው ኮርተው ነበር።

አንድ የፈተና ቀን ጠዋት ደወል እንደ ምንም ብላ ተነሳች፤ እየበረረች ወጥታ፣ የራሷ ነውና በሩን ከውጭ ቆልፋ ሄደች። አንቀጽ የስልኩን ጩኸት ፈርታ ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ስለተኛች አልሰማችም። ስትነቃ ለፈተናው ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። የራሷን ቁልፍ ብትፈልግ የለም።

«ቁልፌስ?»

«ባለፈው ሳምንት ተውሼው አልነበር?» አለች አውሺኝ፣ ያን ቀን ፈተና ስለሌላት ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ። «የት እንዳደረግኩት እንጃ።»

አንቀጽ ወደ መስኮቱ ተንደረደረች።

«ቆይ! ድንበሬን ልትረግጪ ነው? ደንብሽ ምን ይላል? ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ!»

አንቀጽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ ጣሰች። ደግነቱ ክፍሉ መሬት ላይ ነው። አበባ ውሃ ያጠጡ የነበሩት እትዬ፣ የሌሊት ልብስ የለበሰች ልጅ ከመስኮት ስትወድቅ ደንግጠው ያዟት።

«ምነው ልጄ፣ በር የለም?»

«በሩ የደወል ነው እትዬ!» አለችና በአንድ እግር ጫማ ወደ ፈተናው ሮጠች።

እትዬ ኃላፊውን ማማከር አላሰኛቸውም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰብስበው ቁጭ አደረጓቸው። ድሮ የሚናከስ ሕፃን ሲያስቸግራቸው የትንንሾቹ ጠባቂ ያደርጉት ነበር።

«ደወል፣ ከነገ ጀምሮ ተፈታኞችን በየበሩ እያንኳኳሽ የምትቀሰቅሺ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔኮ ራሴ አልነቃም እትዬ!»

«አውቃለሁ። ያረፈደ ሁሉ ወዳንቺ ይመጣል።» የማደሪያውን የሳሙናና የመጥረጊያ ቁምሳጥን ቁልፍ ለአውሺኝ ሰጧት፤ አዳይዋ እሷ ሆነች። ከዚያ ወደ አንቀጽ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ አትጽፊም። የከፋሽን በአፍሽ ተናገሪ። በይ ጀምሪ።»

የአንቀጽ እጅ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሷ ገብቶ ባዶውን ወጣ። «ብሩሹ…» አለች። «ከአምስት እህቶቼ ጋር ነው ያደግኩት። የኔ ብቻ የሆነ ነገር ሲኖረኝ እሱ የመጀመሪያዬ ነበር።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አውሺኝ ቀና ብላ ማየት አቃታት። ማታውን ካልጋዋ ሥር አሥራ አንድ ካልሲ፣ ሦስት ማበጠሪያና የአንቀጽን ቁልፍ አወጣች። ፕላስተሩንም ሦስቱ ተንበርክከው በማንኪያ ፋቁት።

ደወል በጭንቀት ከስልኳ ቀድማ መንቃት ጀመረች። አውሺኝ ቋጣሪ ሆነች፤ «ትናንት ታጥበሽ የለ? የምን ሳሙና ነው!» ትላለች። አንቀጽ ግን የአፍን ጥቅም ካወቀች ወዲህ ከቁርስ እስከ እራት ታወራ ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ ጓደኞቿ ተያይዘው እትዬ ዘንድ መጡ።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ መጻፉን ይፍቀዱላት።»

እትዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የቀረውን አሥር ቀን ማሩላት።