እትዬ ዘነቡና የአየርላንዶቹ ሲዲ

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከላሊበላ ወደ ወገል ጤና ስንጓዝ የመኪናችን ጎማ ጋሸና ላይ ተነፈሰ። ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ ነፋሱን ሽሽት አንድ የልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ተጠግቼ ቆምኩ። ከውስጥ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ መጣ፤ የተለበለበ ሱፍ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ትኩስ እንፋሎት። እትዬ ዘነቡ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

እትዬ ዘነቡ የልጅነት ጎረቤታችን ነበሩ። ላሊበላ ውስጥ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። መኪናቸውን መርገጥ ሲጀምሩ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ዘንድ እገባና ከመሬት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ እሰፋለሁ። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከንፈራቸው መካከል መርፌ ይዘው፣ በዓይናቸው ብቻ «እንዲህ አይደለም» ይሉኛል።

እናቴ እንደምትለው፣ በወጣትነታቸው እሳቸው ያልዘፈኑበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ልጃቸው አልማዝ ለሥራ ቤሩት ሄዳ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነቡ ሠርግ ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ በልተው ይመርቃሉ፤ ከበሮ ሲነሳ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ይወጣሉ።

አንድ ቀን ሲሳይ የሚባል የሰፈራችን አስጎብኚ አንዲት ፀጉረ ቀይ ፈረንጅ ይዞ መጣ። ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሳ ስትመለስ የጃኬቷ ዚፕ ተበጥሶባት ኖሯል። እትዬ ዘነቡ አዲስ ዚፕ እየሰፉ ሳለ ሴትዮዋ የስፌት መኪናውን ድምፅ እየተከተለች በእግሯ መሬቱን ትመታ ጀመር። ተያዩና ተሳሳቁ።

በማግስቱ ሲሳይ ብቻውን ተመለሰ።

«እትዬ፣ ያቺ እንግዳ ይህን ስጥልኝ ብላ ነው» አለና ሲዲ ዘረጋላቸው። «ሙዚቀኛ ናት። የአገራቸውን የጥንት ዘፈን ከጓደኞቿ ጋር ስቱዲዮ ገብተው የሠሩት ነው። አየርላንዶች ናቸው።»

እትዬ ዘነቡ ሽፋኑን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ወንዶችና ሴቶች የድንጋይ ካብ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጉም የለበሰ አረንጓዴ ተራራ አለ።

«ነሐሴ ላይ ያለ አገራችንን አይመስልም?» አሉ።

እናቴ አባቴ ከደሴ ያመጣውን ማጫወቻ ወሰደችላቸው። ዋሽንት መጣ፤ አታሞ የሚመስል ከበሮ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ የሚጣደፍ የክር ድምፅ።

«ማሲንቆ እኮ ነው! ምን እንዲህ አስቸኮለው?» አሉና ሳቁ። ቀን ሳይሞላ እግራቸው ከዘፈኑ ጋር እኩል ይረግጥ ጀመር። የዚያን ሰሞን የሰፈራችን ዩኒፎርም ሁሉ በአየርላንድ ሙዚቃ የተሰፋ ነው።

ከሲዲው መካከል ግን አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ነበር። መሣሪያ የለበትም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ታዜማለች። እሱ ሲመጣ የስፌት መኪናው ቆመ። በሚቀጥለው ቀንም እዚያው ላይ ቆመ። እትዬ ዘነቡ ሲሳይን ከመንገድ ጠርተው «ምን ትላለች?» አሉት።

ሲሳይ ጆሮውን ሰጠና ራሱን ነቀነቀ። «እንግሊዝኛ አይደለም፣ እትዬ። የጥንት ቋንቋቸው መሰለኝ። እኔም አልሰማውም።»

«እኔ ሰምቻታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የሄደባት ሰው አለ።»

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ከግድግዳው ማዶ ማንጎራጎር ይሰማ ጀመር። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁላችንንም ዝም ታሰኘን ነበር፤ እንዳይቋረጥ ብላ።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴ ታደሉ ተዳረች። ሙሽራው መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ ወገል ጤና ሊወስዳት ሲል እናቴ ልትመርቃት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣ አላት። ልጃገረዶቹም ዘፈኑ ጠፋባቸው። እትዬ ዘነቡ የዳሱን ምሰሶ ይዘው ቆመዋል። ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ ዓይናቸውን ጨፈኑና ያንን የሲዲውን ቀስ ያለ ዜማ በራሳቸው ቃል አወጡት፦

ሂጂ በደህና እንጂ አልልሽም ቅሪ፣
ከወንዝ ማዶ ሆነሽ ስሜን ብቻ ጥሪ።

ከበሮ የያዘችው ልጅ መምታቱን ተወችው። ታደሉ ከመኪናው ወርዳ ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እናቴ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ነው ድምፅዋ ተመልሶ «የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ» ያለቻት።

አልማዝ ከዓመት በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ከስታለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ነበር። እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ሲያዩዋት እልል አላሉም፤ አልጮሁም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ትከሻዋን ለኩ፤ ወገቧን ለኩ። «እንዲህ ሆነሽብኛል?» አሉ፤ ከዚያ ሜትሩን እንደያዙ አቀፏት። የዚያኑ ዕለት ቀሚስ ቆረጡላት።

እትዬ ዘነቡ ካረፉ ቆይተዋል።

ጎማው ተለጥፎ ወገል ጤና ስንደርስ ሠርጉ ሞቅ ብሎ ነበር። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ሴቶቹ ዜማውን አነሱት። ታደሉ ያስተማረቻቸው ነው፤ ስንኝ ጨምረውበታል፣ ጭብጨባም ገብቶበታል። ከአዲስ አበባ የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች ግራ ተጋብቶ እጁን አነሳና አጠገቡ ወደተቀመጡት ባልቴት ዘንበል አለ።

«እማማ፣ ይህ የማን ዘፈን ነው?»

«የላሊበላዋ የዘነቡ ነዋ!» አሉት፤ እንዴት አያውቅም ብለው እየተገረሙ። «የልብስ ሰፊዋ!»

ልጁ ራሱን ነቀነቀና ጎንበስ ብሎ ዜማውን በጣቱ መፈለግ ጀመረ።